ደህና ቀንሽን ፍሪው

ቆዪ፣ ቆዪ! ስልኩን እዚያው መስኮቱ ላይ አስደግፊውና አሁን ያደረግሽውን ድገሚልኝ። ጀሪካኑን በአንድ እጅ፣ ወገብሽን አጥፈሽ፣ ያውም ወደ ጎን እየተጠመዘዝሽ አይደል ያነሳሽው? 20 ሊትር ውሃ ማለት 20 ኪሎ ነው፤ አንድ መካከለኛ በግ። እኔ አዘዞ ተቀምጬ በኢሞ እያየሁሽ ወገቤን ያዝኩ፤ አንቺ እዚያ ካርቱም፣ ሶባ ላይ ፈገግ ብለሽ «ዛሬ እኮ ደህና ነኝ እትዬ» ትይኛለሽ።

እኔም የምፈራው ይህችኑ «ደህና ነኝ» ነው። ስታቃስቺ አልፈራልሽም፤ ስታቃስቺ ትተኛለሽ። ደህና የሆንሽ ዕለት ነው ቤቱን የምትገለብጪው።

ከጀመርኩ አይቀር ጀሪካኑን እንጨርስ። ከውሃ ጋሪው፣ ከካሮው ላይ ስታስቀጂ በሁለት ባለ 10 ሊትር አስቀጂ፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ፣ እንደ ሚዛን። ስታነሺ ጉልበትሽን እጠፊ፣ ዕቃውን ወደ ሰውነትሽ አስጠጊ፣ ከዚያ እግርሽ ያንሳው። መዞር ካለብሽ በእግርሽ ዙሪ፤ ወገብሽን እንደ ጨርቅ አትጭመቂው። የካሮው አህያ እንኳ እኩለ ቀን ሲሆን ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ታስሮ ያርፋል። አንቺን ማን ያስርሽ?

ይህን የምልሽ ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። ሶባን 11 ዓመት ኖሬባታለሁ፤ ጠዋት ሰው ቤት ወለል ሳጥብ፣ ከሰዓት በኋላ ሻይ ሳፈላ። በንበር የሚሏትን አጭር በርጩማ ታውቂያታለሽ፤ ጉልበትና አገጭ የሚገናኙባትን። ስድስት ሰባት ሰዓት እሷ ላይ ተቀምጬ ወደ ከሰል ምድጃው፣ ወደ ካኑኑ ጎንበስ፣ ወደ ብርጭቆው ዞር፣ መልስ ለመስጠት ቀና። በአምስተኛው ዓመት ወገቤን ያዘኝ። ከወገቤ ወደ ዳሌዬ ወረደ፣ ከዳሌዬ ወደ ጭኔ። ዛሬም አለ። በግልጽ ልንገርሽ፦ የምደብቅሽ መድኃኒት የለኝም፤ አልዳንኩም። ግን ከነሕመሜ እንጀራ እጋግራለሁ፣ ገበያ እወርዳለሁ፣ ባለፈው የጥር ሠርግ ላይም እስክስታ ወርጃለሁ። በልክ ነው ታዲያ።

ያንቺ የጀመረበትን ቀን አልረሳውም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015፣ ቀዳም ሥዑር። ለፋሲካው ዶሮ ውሃ ጥደሽ ሳለ ተኩሱ ተነሳ። ሱዳኖቹ እርስ በርስ ሲታኮሱ እኔና አንቺ አልጋውን ግድግዳው ላይ አቁመን ሲሚንቶው ላይ አምስት ቀን ተኛን። ከዚያ ያን ሁሉ ዕቃ በጀርባሽ አዝለሽ እስከ መኪናው። እኔ በጋላባት አድርጌ መተማ ገባሁ፤ አንቺ ገዳሪፍ ቀረሽ፤ የሱዳን ጦር በመጋቢት 2017 ካርቱምን መልሶ ሲይዝ «ቤቱ ቆሟል» አሉሽና ተመለስሽ። ወገብሽን ግን ከዚያ ሲሚንቶ ላይ እስከ ዛሬ አላነሳሽውም።

አሁን ሶባ ሳለሁ ያጋጠመኝን የአንዱን ዓርብ ነገር ልንገርሽ። ጠዋት ስነሳ ምንም የለም። ፈራ ተባ እያልኩ እግሬን ከአልጋ አወረድኩ፤ ምንም! እግዚአብሔር ይመስገን አልኩና ብርድ ልብሶቹን በሙሉ አወጣሁ። ታጠቡ። የአሸዋው ማዕበል፣ ሃቡቡ ያስገባው አቧራ ከጣራ እስከ ወለል ተጠረገ። ሊጥ ነበረኝ፣ 40 እንጀራ ጋገርኩ። ማታ ቡና ጠርተውኝ ሄድኩ፣ እንደ ሰው ተጫወትኩ። ቅዳሜ ጠዋት ከአልጋዬ መነሳት አቃተኝ። እሑድም፣ ሰኞም፣ ማክሰኞም። የአራት ቀን ሻይ ሳልሸጥ ቀረሁ፤ የጋገርኩትም እንጀራ ሻገተ።

የሚገርመው፣ ይህንን ነገር ለወራት ስደጋግመው አንድም ቀን አልገባኝም ነበር። ሕመሙ እንደ ዝናብ ዝም ብሎ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የአገር ቤት ካላንደር ክፉ ቀኖቼን በቀይ እስክሪብቶ መስቀል ጀመርኩ። ሁለት ወር ሲሞላ ቁጭ ብዬ አየሁት። ሦስት አራት ቀይ፣ ከዚያ ባዶ፣ ከዚያ አንድ «ዛሬ ደህና ነኝ» ብዬ የፈነጠዝኩበት ቀን፣ ወዲያው ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ። የጣለኝ ክፉው ቀን አልነበረም። ደህናው ቀን ነበር።

ስለዚህ ሥራሽን በሕመምሽ አትለኪው። በሰዓት ለኪው። እዚያ ደግሞ ሰዓት ሳይገዙ ሰዓት አለ፤ አዛኑ። ከፈጅር እስከ ዙህር አንድ ከባድ ሥራ፣ ከዙህር እስከ ዐስር አንድ ቀላል፣ ከዚያ ወዲያ የወገብ ሥራ የለም። ከባዱንም ቢሆን ሃያ ደቂቃ ሠርተሽ አቁሚ፤ አምስት ደቂቃ ጋደም በዪ ወይም ወዲያ ወዲህ በዪ፤ ከዚያ ቀጥዪ። ስትጀምሪ በክፉ ቀንሽ ከምትችዪውም ትንሽ አሳንሰሽ ጀምሪ። በክፉ ቀን አስር እንጀራ ከቻልሽ ስምንት ጋግሪ፤ ደህና በሆንሽ ቀንም ስምንት። ሁለት ሳምንት ያለ ቀይ ካለፈ ዘጠኝ አድርጊው። ይሄ አንጀት የሚያሳርር ነገር ነው፣ አውቃለሁ። ጉልበት አለኝ እያልሽ እጅሽን አጣጥፈሽ መቀመጥ ከሕመሙ ይብሳል። ግን ያ ጉልበት ያንቺ አይደለም፤ ከሰኞና ከማክሰኞ የተበደርሽው ነው።

ለምን እንዲህ ይሆናል ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር፤ «ፎቶ ተነሳሁ፣ አጥንትሽ ደህና ነው አሉኝ፤ ታዲያ ምኑ ነው የሚያመኝ?» አልሽ። ያ የጎረቤትሽ ውሻ ትዝ ይልሻል? ከጦርነቱ በፊት ለሌባ ካልሆነ የማይጮኸው? አሁን የብረት በር ሲዘጋ ይጮኻል፣ ነፋስ ጣራውን ሲነካ ይጮኻል፣ አንቺ ራስሽ ስትገቢ ይጮኻል። ውሻው አልዋሸም፣ አላበደም፤ ከልክ በላይ ነቅቶ ቀረ እንጂ። ከ3 ወር በላይ የቆየ ሕመም ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። የተጎዳው ቦታ ድኖም ነርቩና አንጎሉ መጮኹን አይተዉም። ስለዚህ አመመኝ ማለት ሁልጊዜ ተጎዳሁ ማለት አይደለም። «የአእምሮሽ ነው» ያለሽ ሰውም ተሳስቷል፤ ጩኸቱ እውነተኛ ጩኸት ነው። እንዲህ ያለ ውሻ በዱላ ዝም አይልም። ቀስ በቀስ፣ በየቀኑ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው እርምጃ ስትገቢ እየለመደሽ ይመጣል። እንቅልፍ ያጣሽ ዕለት፣ ከወንድማችን ጋር በስልክ የተጣላሽ ዕለት የሚብስብሽም ለዚሁ ነው፤ ውሻው የቤቱን ድንጋጤ ያሸታል።

መጀመሪያ ግን ሌባ አለመኖሩን ማረጋገጥ ነው። በጭኖችሽ መካከል፣ በቅሎ ላይ ብትቀመጪ ኮርቻው የሚነካው ቦታ ከደነዘዘሽ፣ ሽንትሽ ካመለጠሽ ወይም አልመጣም ካለ፣ እግርሽ መጎተት ከጀመረ፣ እስኪነጋ አትጠብቂ፤ በዚያው ሌሊት ሐኪም ቤት። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና መክሳት ከወገብ ሕመም ጋር ከመጡ ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ ቲቢ የሳንባ ብቻ አይደለም፣ በመድኃኒትም ይድናል። ያልተፈላ ወተት የምትጠጪ ከሆነ ሱዳኖች ሑማ ማልቲያ የሚሉት የከብት በሽታ አለ፤ እሱም ወገብና መገጣጠሚያ ይዞ ነው የሚመጣው። በጎንሽ እንደ ምጥ እየመጣ እየሄደ ወደ ብሽሽት የሚወርድ ከሆነ የኩላሊት ጠጠር ነው የሚጠረጠረው፤ በካርቱም ሙቀት ውሃ ሳይጠጣ የሚውል ሰው ያውቀዋል። ከቤት ሳትወጪ፣ ተሸፋፍነሽ የምትውይ ከሆነም ለቫይታሚን ዲ ደምሽን እንዲያዩልሽ ጠይቂ። ፀሐይ እንዲህ በሚያቃጥልበት አገር የፀሐይ እጥረት ሲባል ሊያስቅሽ ይችላል፤ ግን ፀሐዩ ውጭ ነው፣ አንቺ ውስጥ ነሽ።

ሐኪም ፊት ስትቀርቢ ስለምትናገሪው ደግሞ። እዚህ ላይ ጊዜ ልውሰድ፤ እኔ ዓመታት ያባከንኩት እዚህ ላይ ነውና። በአማርኛችን ሕመም ስንት ስም አለው! ይቆረጥመኛል፣ ይወጋኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ይነዝረኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ይደነዝዘኛል፣ ይሰቀስቀኛል። እናታችን በአንድ ቃል ብቻ የት እንዳመማት፣ ምን ዓይነት እንደሆነ ታስረዳ ነበር። እኔ ግን የሰው አገር ሐኪም ፊት ስቀመጥ ያ ሁሉ ቃል ጠፍቶ አንድ «ወጃዕ» ብቻ ይቀረኛል። «ኩሉ ጂስሚ ወጃዕ» እላለሁ፤ መላ ሰውነቴን ነው እንደማለት። እሱም ቀና ብሎ ሳያየኝ ፓናዶል ይጽፋል። በኋላ አንዲት አብራኝ ሻይ የምትሸጥ ሱዳናዊት ነች ቃሉን ያስተማረችኝ፦ የሚያቃጥለው «ሐረጋን»፣ የሚደነዝዘውና እንደ ጉንዳን የሚሄደው «ተንሚል»። «ተንሚል» ባልኩ ዕለት ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀምጦ እግሬን ሊመረምር ተነሳ። የሚያቃጥልና የሚደነዝዝ ሕመም ብዙ ጊዜ የነርቭ ነው፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው። ማታ ማታ በትንሽ መጠን አሚትሪፕቲሊን የሚባል ክኒን ቢያዝልሽና ፋርማሲ ያለ ሰው «የድባቴ መድኃኒት እኮ ነው» ቢልሽ አትደንግጪ፤ ለድባቴም ይሰጣል፣ ለነርቭ ሕመምም ይሰጣል። ሌላም አንድ ቃል ያዢ፦ «ዒላጅ ጠቢዒ»፤ ፊዚዮቴራፒ ማለት ነው። መርፌ ከመለመንሽ በፊት እሱን ለምኚ።

ስለ መርፌውማ እኔ ልናገር። አንድ ክሊኒክ ነበር፣ ስሙን ተዪው፤ በየሳምንቱ ሐሙስ እየሄድኩ እወጋ ነበር። ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም፣ እነሱም አልነገሩኝም። ሦስት ቀን እንደ ሚዳቋ እዘላለሁ፣ በአራተኛው እንደ እንጨት እደርቃለሁ። ዲክሎፌናክ መሆኑን ያወቅኩት ጨጓራዬ ከደማ በኋላ ነው። ዲክሎፌናክም ኢቡፕሮፌንም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱን አንድ ላይ አትውሰጂ፣ በባዶ ሆድ አትውሰጂ፣ ደም ግፊት ወይም የኩላሊት ችግር ካለብሽ ወይም ካረገዝሽ ሐኪም ሳይል አትንኪያቸው። በግንቦት ሙቀት ላብ ጨርሶሽ ውሃም ሳትጠጪ መዋጥ ደግሞ ኩላሊትን መጉዳት ነው። በጾም ጊዜ እስከ 9 ሰዓት ምግብ ሳትቀምሺ ጠዋት ክኒን ዋጥ አድርገሽ ሥራ የምትሄጂ ከሆነ፣ ወይ ክኒኑን ወደ ምሳሽ አዙሪው፣ ወይ ለንስሐ አባትሽ ደውዪና ንገሪያቸው። የታመመ ሰው ጾም እንዴት እንደሚሆን እነሱ ያውቃሉ፤ የስቅለት ስግደትንም እንዲሁ። ወገቡን የያዘው ሰው ቆሞ ቢጸልይ የሚቀየም አምላክ የለንም።

ፓራሲታሞል፣ እናንተ ፓናዶል የምትሉት፣ ለጨጓራ ይሻላል፤ ግን ባለ 500 ሚሊግራሙ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም። የጉንፋኑም ክኒን ውስጥ ያው ፓራሲታሞል አለበት፤ እሱንም ደምሪው። ራስ ምታት ብለሽ በየቀኑ የምትውጪ ከሆነ ደግሞ ክኒኑ ራሱ ራስ ምታት ይሆናል፤ በወር ውስጥ ስንት ቀን እንደወሰድሽ እዚያው ካላንደሩ ላይ ጻፊ። አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ፦ ኮስሞቲክስ ሱቅ ውስጥ በላስቲክ ቋጥረው የሚሸጡትን የማወፈሪያ ክኒን እንዳትነኪ። «የጎረቤት ድንጋጤ» ምናምን የሚል ስም ያወጡለታል፤ አሁን ይሄ የመድኃኒት ስም ነው? ውስጡ ብዙ ጊዜ ኮርቲዞን ነው። በርግጥ ሕመሙን በሁለት ቀን ያጠፋልሻል፤ ከዚያ ፊትሽ እንደ ድፎ ያብጣል፣ ስኳርሽ ይወጣል፣ አጥንትሽ ይሳሳል። ወስደሽ ከሆነም በአንድ ቀን ቀጥ አታድርጊው፤ ለሐኪም ተናገሪና ቀስ እያለ ያስቁምሽ።

ወደ ቤትሽ ልመለስ፤ ካሜራውን ወደ ኩሽናው አዙሪልኝ። እዪ! ካኑኑ መሬት ላይ ነው። ለምን? በፈረሱት ግድግዳዎች ሥር ብሎኬት በየመንገዱ ወድቆ የለም እንዴ? ሁለት አንስተሽ፣ ማለቴ ሰው አስነስተሽ፣ ደርድሪና ካኑኑን ላዩ ላይ አስቀምጪው። ድስቱ ክርንሽ አካባቢ ሲደርስ ወጡን ስታማስዪ ወገብሽ ቀጥ ይላል። የልብስ ሳፋውም እንዲሁ፤ በርጩማ ላይ ይውጣ፣ አንቺ ቆመሽ እጠቢ፤ አንድ እግርሽን ጡብ ላይ አድርጊ፣ ሲደክምሽ ቀይሪው። ወለል በጨርቅ ተንበርክከሽ ከማጠብ ረጅም እጀታ ያለው መወልወያ ይሻላል። መጥረጊያሽ አጭር ከሆነ እንጨት እሰሪበትና አስረዝሚው፤ ባል የመሰለ መጥረጊያ፣ ከትከሻሽ የሚስተካከል። ዘወትር የምትነኪያቸው ነገሮች፣ ጨው፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ጀበና፣ ከጉልበትሽ በላይ ከትከሻሽ በታች ይሁኑ። ታች ያለው ሁሉ ለአይጥ ነው።

ቡና ስታፈዪስ? ረከቦቱ ፊት ተጎንብሶ መቀመጥ ደስ ይላል፣ አውቃለሁ፤ እኔም ቡናን ተዪ አልልሽም። በንበሯን ግን ለሕፃን ስጪያትና መደበኛ ወንበር ላይ ተቀመጪ፤ ረከቦቱን ጠረጴዛ ላይ አውጪው። ወግ አጥባቂዎቹ ያጉረምርሙ። በአቦልና በቶና መካከል ተነሺና ዕጣኑን አንቺው ጨምሪ። ከ9 ሰዓት በኋላ ግን የዝንጅብል ቡናውን ይቅርብሽ፤ ያጣሽውን እንቅልፍ በማግሥቱ ወገብሽ ነው የሚከፍለው።

አልጋውስ? ያ በገመድ የተሠራው አንገረብ መሐሉ ረግቦ እንደ አንቀልባ ሆኗል። ገመዱን አስጠብቂው፤ ካልሆነ ከፍራሹ ሥር ሳንቃ አስገቢ። በጎንሽ ስትተኚ በጉልበቶችሽ መካከል ትራስ፣ በጀርባሽ ስትተኚ ከጉልበትሽ ሥር ትራስ። ጠዋት እንደ ጅብራ ቀጥ ብለሽ አትነሺ፤ መጀመሪያ በጎንሽ ዙሪ፣ እግርሽን አውርጂ፣ በእጅሽ ገፍተሽ ቀና በዪ። መብራት ሲጠፋና ክፍሉ እንደ ምጣድ ሲግል ግቢው፣ ሆሹ ውስጥ፣ ከሰማይ በታች ተኚ፤ አጎበርሽን ብቻ አትርሺ።

ለጭሱ ምን ትያለሽ አልሽኝ። እሱንስ እወደዋለሁ። ሱዳኖቹ ሴቶች ጉድጓድ ላይ ተቀምጠው በጠልህና በሻፍ እንጨት የሚሞቁት ዱኻን፣ እኛ በወይባ ከምንታጠነው ጋር ወንድምና እህት ነው፤ እንዲያውም ሻፍ የሚሉት እንጨት ያው የኛው ወይባ ነው። ሙቀት የተኮማተረ ጡንቻን ያላላል፣ ሕመምን ለጥቂት ሰዓት ያበርዳል፤ ይህ አጉል እምነት አይደለም። የፕላስቲክ ኮዳ ሙቅ ውሃ ሞልተሽ በፎጣ ጠቅልለሽ ወገብሽ ላይ ብታደርጊውም ያንኑ ያህል ይሠራል። ታዲያ ከሰሉን በተዘጋ ክፍል ውስጥ እንዳታጨሺ፤ የከሰል ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል። የደነዘዘውን እግርሽን ወደ ፍሙ አታስጠጊ፤ ሲቃጠል አይሰማሽም። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ከነጭራሹ ይቅር። ወጌሻም በእጅ ማሸት ብቻ ከሆነ ግዴለም፣ ያሳርፋል፤ አከርካሪሽን «ላስገባልሽ» ብሎ ጉልበቱን የሚያሳርፍብሽን ግን በሩን አሳዪው። ጠበልሽን ጠጪ፣ ክኒንሽንም ዋጪ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ከሁሉም የሚከብደው ወደ መንቀሳቀስ መመለሱ ነው። ሦስት ቀን የተኛ ወገብ ይዝጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለቆየ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ የመከረው እንቅስቃሴን፣ ስለ ሕመሙ ትምህርትንና የአእምሮ ድጋፍን ነው፤ ፋርማሲ የሚሸጡልሽን ያን ጠንካራ የወገብ ቀበቶ ግን አልመከረውም። አንቺ ደግሞ ሁለት ገዝተሻል! በነገራችን ላይ የወገብ ሕመም ያለበት ሰው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ደርሷል፤ ብቻሽን አይደለሽም። በዚያው መመሪያ ውስጥ በቃሪያ የተሠራ ቅባትም አለ፤ ይህን ሰምተሽ በርበሬ ወገብሽ ላይ እንዳትቀቢ፣ አውቅሻለሁና።

ከመግሪብ በፊት፣ ፀሐዩ ሲበርድ፣ ወደ ወንዙ አቅጣጫ አስር ደቂቃ ሂጂ፣ አስር ደቂቃ ተመለሺ። ያ ውሃ እኮ ከኛው ከጣና ወጥቶ፣ በክረምት የጎጃምን አፈር ይዞ ቡና መስሎ የሚያልፈው አባይ ነው። ማዶው የድሮዋ ሶባ ናት፤ የክርስቲያኖቹ የአልዋ መንግሥት ዋና ከተማ። ፍርስራሿን በ19ኛው መቶ ዘመን ጡብ በጡብ እየለቀሙ ወስደው ካርቱምን ሠሩበት ይላሉ የታሪክ ሰዎች። እዚያ ስደርስ ሁልጊዜ አስበው የነበረው ታሪኩን አልነበረም፤ ያን ሁሉ ጡብ የተሸከመውን ወገብ ነበር። መንገዱ ገና የጦርነት ቅሪት ሊኖርበት ይችላልና ሰው በሚሄድበት በተጠረገው ብቻ ሂጂ፣ የማታውቂውን ብረት አትንኪ። ባይመችሽ ሆሹ ውስጥ ዙሪ፤ እርምጃ እርምጃ ነው።

ሰዎቹን በተመለከተ። አሠሪሽ ማዳሟ «ዛሬ ምን ሆንሽ?» ስትልሽ «አሞኛል» ብቻ አትበዪ፤ «አሞኛል» ያለች ሠራተኛ በሳምንቱ ትባረራለች። የምትችዪውን ንገሪያት፦ «ምንጣፉን አላነሳም፣ ምግብና ካውያውን እጨርሳለሁ» በያት። ካውያውንም ቢሆን ተቀምጠሽ። አብረውሽ የሚኖሩት ልጆች ሰነፍ እንዳይሉሽ ብለሽ የምታደርጊውን አውቃለሁ፤ ጀሪካኑን የምታነሺው እነሱ ሲያዩሽ ነው። ሥራ ተለዋወጡ፤ አንቺ ሽንኩርት ክተፊ፣ ሽሮ አንተክትኪ፣ እነሱ ውሃ ይቅዱ። ወንድማችን ደግሞ ብር ላኪ እያለ ሌሊት ሲደውል አታንሺለት። ለእሱ እኔ እመልስለታለሁ። ስታለቅሺ ውለሽ ምግብ አልበላ ካለሽ፣ መኖር ካስጠላሽ ግን ያኔ ለእኔ ደውዪ፤ ሰዓት አትምረጪ፤ ለሐኪምም ተናገሪው፤ እሱም ከሕመሙ አንዱ ክፍል ነው፣ መድኃኒትም አለው።

አሁን ባትሪሽ ሊያልቅ ነው፣ ድምፅሽም ይቆራረጣል። ያ ቀሪው ጀሪካን እዚያው ይቁም፤ ከልጆቹ አንዷ ትመጣለች። ነገ በዐስር አዛን እደውላለሁ። መጀመሪያ የምታሳዪኝ ካኑኑን ነው፤ ብሎኬቱ ላይ ካልወጣ አላናግርሽም።